ሞተርህ አልሞተም፣ ደብረ ማርቆስ ከፍ ብላ ነው

ሰላም ወንድሜ፣ አጎትህን ነፍሳቸውን ይማር። ጥያቄህ ረዘም ስለሚል ሌላውም እንዲገባው ላሳጥረው። ከአጎትህ የወረስከው የ1971 (እ.ኤ.አ.) ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ አለህ፣ ባለ 1.6 ሞተር፣ ባለ ሁለት ካርብሬተር። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስታመጣው ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እየለሰለሰ ፔዳሉ ወለል ድረስ ወረደብህ። ዳገቱን ስትወጣ ደግሞ ደጀን ሳትደርስ ፈላ። ከዚያ አንድ መካኒክ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ለካልህና አራቱም ሲሊንደር 8.5 ባር ገደማ ሆኑ፤ "ከ11 በታች ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ጨርሷል፣ ሙሉ ኦቨርሆል ነው" አለህ። አንተ ደግሞ ራሴ እሠራዋለሁ ብለህ ቆርጠሃል። ከምን ልጀምር ነው ጥያቄው።

ከፍሬኑ ጀምር። ሞተሩን አትክፈተው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 8.5 ደብረ ማርቆስ ላይ ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ለሃምሳ ዓመት መኪና ደስ የሚል ቁጥር ነው። ፒስተን የሚጨምቀው ከውጭ የገባለትን አየር ነው፣ ያልገባለትን ከየት ያመጣል? ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። የ11 ሦስት አራተኛ 8.25 ነው። ያንተ 8.5 ነው። እኔ ያለሁበት ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች እዚህ ብትለካው ከ9 ትንሽ ያልፋል፣ ጅቡቲ ወደብ ወስደህ ብትለካው 11ንም ያልፋል። ሞተሩ ግን ያው ሞተር ነው።

መካኒኩ ሊያጭበረብርህ ነው እያልኩ አይደለም። መጽሐፉን አምኖ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የተማርነው፣ ከፍታን የሚጠቅስ አስተማሪ እኔም አልገጠመኝም፣ ደጋ ላይ ቁጥሩ ሁልጊዜ ዝቅ እያለ ሲያስቸግረኝ ነው ዞሬ የገባኝ። ከቁጥሩ ይልቅ የአራቱን መቀራረብ እይ። ሦስቱ 8.5 ሆነው አንዱ 6 ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። ያኔ በካንዴላው (እሳት በሚጭረው ዕቃ) ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ትጨምርና መልሰህ ትለካለህ፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ነው። ያንተ አራቱም እኩል ናቸው፣ ስለዚህ ተዋቸው።

የምለውን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። ረዳት በነበርኩበት በሦስተኛው ዓመት አንድ መኪና ዳንግላ መንገድ ላይ እየቆረጠ ያስቸግር ነበር። ሲቀዘቅዝ ደህና ነው፣ ሲሞቅ ይቆርጣል። አሠሪዬ አልነበሩም፣ እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ ቴስታታውን (የሞተሩን አናት) አወረድኩት። ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሐል የሚገባው ማሸጊያ) እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቆመ። ገጣጥሜ አስነሳሁት፣ ዳንግላ ሳይደርስ ቆረጠ። አሠሪዬ መጡ፣ የዲስትሪቢውተሩን (ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከፈቱ፣ ፑንቲናውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን) የምትመግበውን ቀጭን ሽቦ በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጓት፣ ላስቲኩ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ውስጡ ያለው መዳብ ተበጥሷል፣ ላዩ ግን ደህና ነው። ሲቀዘቅዝ ጫፍና ጫፉ ይነካካል፣ ሲሞቅ ይላቀቃል። የሁለት ሳምንት ሥራዬ ለአንዲት ጣት ለማታህል ሽቦ ነበር። ጎጃም ነህና ሰምና ወርቅ አላስረዳህም፤ መቁረጡ፣ መፍላቱ፣ መንተክተኩ ሰሙ ነው፣ እኔ በሰሙ ነው ቴስታታ ያወረድኩት።

አሁን ወደ ፍሬን። ይሄ መኪና በዘመኑ የሚያስቀና ነገር ነበረው፦ አራቱም እግሩ ዲስክ ፍሬን ነው። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ተራ የቤተሰብ መኪና አራት ዲስክ ሲኖረው ቀላል አልነበረም፣ ኩፔውም ያንኑ ነው የወረሰው። ስለዚህ ዲዛይኑ አይደለም የከዳህ። ዓባይ ላይ የሆነብህን ልንገርህ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳለህ። በፔዳል ብቻ ከወረድክ ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ በፍሬን ሸራው በኩል ወደ ዘይቱ ይገባል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፣ ውሃ ሲጠጣ 140 ላይ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊት አያስተላልፍም፣ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ድረስ የወረደው ለዚህ ነው። ታች ደርሰህ አረፍ ስትል ፍሬኑ ተመልሶ መጣ አይደል? ከመጣ ታሪኩ ይኸው ነው፣ ዘይቱ አርጅቷል። ፔዳሉ ሳትነዳም ቀስ ብሎ የሚሰምጥ ከሆነ ግን የማስተሩ (የፔዳሉን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈው) ጎሚኒ፣ ማለት ማሸጊያ ላስቲኩ ነው፣ ያንን አትለፈው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ የፍሬን ዘይት መቀየር ነው። ይሄ ደግሞ ለጀማሪ ጥሩ ሥራ ነው፣ ቆሻሻ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። ዶት 4 ግዛ፣ ቆርቆሮው ያልተከፈተ ይሁን። ባለፈው ዓመት የተከፈተ ተራፊ ሰው በነፃ ቢሰጥህ እንኳ አትቀበል። አየር ማስወጫዋ ብሎን ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው) ላይ ያለች ትንሽ ነገር ናት፣ ለሃምሳ ዓመት ጭቃና ውሃ ጠጥታለች። በጎኑ በሚይዝ ክፍት መፍቻ ከነካካሃት ጠርዟ ይላጥና ካሊፐሩን አውርደህ ቶርኖ ቤት ትሄዳለህ። ማታ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ጠብ አድርግባት። ጠዋት ዙሪያዋን በሽቦ ብሩሽ ጥረግ፣ ስድስቱንም ጎን የሚይዝ ዝግ መፍቻ አግባባት፣ አናቷን በትንሽ መዶሻ ሁለት ሦስቴ ቶክ ቶክ አድርግ፣ ከዚያ መጀመሪያ ጠበቅ፣ ቀጥሎ ላላ። ጠበቅ ማድረጉ ያልገባቸው ናቸው ብሎን የሚሰብሩት፤ ዝገቱን የሚሰብረው ያቺ ትንሽ ወደፊት መንቀሳቀስ ናት። ከዚያ ንጹህ ላስቲክ ቱቦ ሰካባት፣ ጫፉን ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስገባ፣ አንድ ሰው ፔዳል ይርገጥልህ። ከማስተሩ ሩቅ ካለው ጎማ ጀምረህ ወደ ቅርቡ ና። የሚወጣው ቡና የመሰለ ጥቁር ሆኖ ይጀምርና እየጠራ ይሄዳል፣ ማር እስኪመስል ጠብቅ። መሐል ላይ የማስተሩ ዘይት እንዳያልቅ፣ ካለቀ አየር ይገባና እንደገና ከሀ።

እዚያው እያለህ ከቦዲው ወደ ካሊፐሩ የሚሄዱትን የላስቲክ ቱቦዎች እያቸው። ላያቸው ደህና ሆኖ ውስጣቸው ያብጣል። ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ፍሬን ይዘህ ከለቀቅክ በኋላ ጎማው ሰንጎ ይቀራል። አየር ማስወጫዋን ፈታ ስታደርጋት ጎማው ወዲያው ከተፈታ፣ ካሊፐሩ አይደለም የያዘው፣ ግፊቱ ከላይ ታምቆ ቀርቷል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ነው። የአንዱን ከቀየርክ የሌሎቹንም ቀይር፣ ዕድሜያቸው አንድ ነው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአፍህም በኮምፕሬሰርም አትንፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ደግሞ ማንም ይምከርህ ማን፣ ፍሬን ውስጥ የሞተር ዘይት አይገባም፤ ጎሚኒውን ሁሉ ያሳብጠውና መኪናው ቆሞ ይቀራል።

ስለ ክሪክ ብዙ አላወራም። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመያዝ አይደለም። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር እግርህም አይግባ። ብሎኬትም አትደግፍበት፣ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ብየዳ ቤት ሄደህ በወፍራም ቱቦ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ አሠራ።

ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ወደ መፍላቱ ና። እዚህም ከፍታው አለበት። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ በድስት ስትጥድ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ 92 ገደማ ላይ ነው። ሞተርህ ደግሞ በሰላሙ ቀን 85፣ 90 ላይ ነው የሚሠራው። ማለት በእሱና በመፍላት መካከል ያለችው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ናት። ያቺን ልዩነት የሚያሰፋልህ የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.8 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ካለህ መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ክዳኑ ካልያዘ ግን ራዲያተርህ ክፍት ድስት ነው። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን አውጣና ገልብጠህ የታችኛውን ላስቲክ በጥፍርህ ጫን አድርገው። ጥፍርህ ምልክት ካልተወ ደርቋል፣ ቀለበት ሆኖ የተሰነጠቀ መስመር ካየህ አልቋል። ከሁሉ የረከሰው ዕቃ እሱ ነው፣ ሰው ግን ራዲያተር ቀይሮ፣ ፖምፓ ቀይሮ፣ በመጨረሻ ነው የሚያስታውሰው።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ፣ ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው በር። እኛ አገር መኪና ሲፈላ መጀመሪያ የሚደረገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው፣ ያንተም ላይ ተጥሎ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ ሦስት ቱቦ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ ይሄ ስህተት ነው፦ ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነበርና፣ ከሌለ ግማሹ ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ብለህ ያወጣኸው ነገር ያፈላሃል። በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥለህ ሲከፈት ካየኸው ደህና ነው፣ መልሰው።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ። ቴስታታህ አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኩ ብረት ነው፣ አንዴ በጣም ከፈላ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ራዲያተሩን እስከ አንገቱ ሙላው፣ ክዳኑን ሳትከድን አስነሳና ውሃውን ተመልከት። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ግድ የለም። ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ግን ጓርኒሲዮኑ ሄዷል፣ ያኔ ብቻ ነው ስለ ቴስታታ የምናወራው። የዘይት መለኪያው ላይ ሻይ በወተት የመሰለ ነገር ካየህም እንዲሁ። ደጀን አካባቢ ቆመህ በጋለ ሞተር ላይ የምንጭ ውሃ ደፍተህበት ከሆነ ለዚህ ነው የምጠይቅህ፤ ብዙ ቴስታታ የሚሰነጠቀው በመፍላት ሳይሆን በዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው።

"ጉልበት የለውም፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል" ያልከውም ከዚሁ ነው። አየሩ በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይቀንሳል፣ ይሄ ጥፋት አይደለም። ቤንዚኑ ግን ለባሕር ጠለል ተመጥኖ እየገባ ከሆነ ይበዛበታል። አራቱን ካንዴላ አውጥተህ በቁጥር ደርድራቸው፤ ጫፋቸው ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ የተቆላ ቡና ዱቄት ዓይነት ቀለም ከሆነ ደህና ነው። የዌበር ካርብሬተር ጀት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ዕቃ) ላይ ቁጥር ተቀርጿል፣ የቀዳዳው ስፋት ነው፣ 125 ካለ 1.25 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለናንተ ከፍታ አንድ ሁለት ደረጃ የጠበበ ያስፈልጋል። በሽቦ አትጎርጉረው! አንዴ በሽቦ የተጎረጎረ ጀት ቁጥሩ ውሸት ነው፣ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም።

ጀት ከመንካትህ በፊት ግን ፑንቲናውን አስተካክል። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ገደማ፣ በስስ ብረት መለኪያ፣ ብረቱ ሲያልፍ ትንሽ ይዞ መልቀቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ታይሚንግ (እሳቱ የሚጫርበትን ጊዜ) የምታየው፣ ምክንያቱም ክፍተቱ ሲለወጥ ታይሚንጉም አብሮ ይለወጣል። ያቺን ቀጭን ሽቦ ሳብ አድርጋት፣ የኔን ነገር አስታውስ። ማሳውንም (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለስበትን ሽቦ) ፈትተህ አጽዳ፣ ከባትሪው ወደ ቦዲ፣ ከቦዲ ወደ ሞተር፤ የድሮ ጣሊያን መኪና ላይ ግማሹ የኤሌክትሪክ ችግር ማሳ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሁለቱን ካርብሬተር ማስማማት ጥሩ የቅዳሜ ሥራ ነው። መሣሪያ አያስፈልግም፣ አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በቂ ነው። አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን የካርብሬተሩ አፍ ላይ አድርግ። ሽሽሽ ይላል። ወደ ሁለተኛው ውሰደው። እኩል እስኪሸሹ ማገናኛ ብሎኗን በሩብ ዙር በሩብ ዙር ታስተካክላለህ። ቤንዚን ያለበት ቦታ ነውና እሳት ማጥፊያ አጠገብህ ይሁን። ደግሞ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ከገዛህ ጥራቱን አትመን፤ በብርጭቆ ቀድተህ ትንሽ አቆየው፣ ውሃ ካለው ታች ተለይቶ ይታይሃል። ከቤንዚን ፖምፓው በፊት ውስጡ የሚታይ ማጣሪያ አስገባ።

አሁን ሞተሩን አትንካ ካልኩት ላይ አንድ ነገር ላስቀር። የታይሚንግ ቺንጋው። የዚህ ሞተር ነዳፊ ከፌራሪ የመጣው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው፣ ሁለቱን ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ዘንጎች) የሚያዞረው ሰንሰለት ሳይሆን ጥርስ ያለው የላስቲክ ቺንጋ ነው። መቼ እንደተቀየረ የማታውቅ ከሆነ ቀይረው፣ ኪሎሜትሩን አትይ፣ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። ቢበጠስ ቫልቮቹ ሊጣመሙ ይችላሉ፣ ያኔ የፈራኸው ኦቨርሆል በእግሩ ይመጣል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻህን አትሥራው። ሦስት ነገር ነው የሚሰለፈው፦ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ)፣ ሁለቱ ካሞች፣ እና ሰው የሚረሳው ከጎን ያለው ትንሹ ረዳት ዘንግ። እሱ የቤንዚን ፖምፓውን ስለሚገፋ እንዳሻህ ብታስቀምጠው የፒስተን ክንድ ሊመታው ይችላል። ቺንጋው ከገባ በኋላ ቁልፍ ከማዞርህ በፊት ክራንኩን በመፍቻ በእጅህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። የሚያቆም ነገር ከተሰማህ አትግፋ፣ ወደኋላ ተመለስና ምልክቶቹን እንደገና አሰልፍ።

ዕቃን በተመለከተ፣ ላዳ የዚህ መኪና ዘመድ ነው። ከ1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሩሲያ የተሠራው ላዳ መነሻው ፊያት 124 ነው፣ የጎማው አራት ብሎን አቀማመጥ እንኳ አንድ ነው፣ 98 ሚሊሜትር። ስለዚህ የፊት እግር ዕቃ ስትፈልግ አሮጌውን በእጅህ ይዘህ ላዳ ዕቃ የሚሸጡትን ጠይቅ፣ የሚገጥም ልታገኝ ትችላለህ። ሞተሩ ግን አይገጥምም፣ ሩሲያኖቹ ባለ አንድ ካም ሞተር ነው ያስገቡበት። የኋላ ፍሬኑንም ወደ ታምቡር ቀይረውታል። ለሞተር ዕቃ ፊያት 131 እና 132 ብለህ ጠይቅ፣ ባለ ሁለት ካም ሞተራቸው ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

ራስህ አትሥራ የምለው ብየዳ፣ ቶርኖ እና የመሪ ሳጥን ነው። ሌላው ሁሉ የትዕግሥት ጉዳይ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፣ አንተ ደግሞ ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ የፈታኸውን ብሎን ከየት እንዳወጣህ ጽፈህ በየላስቲኩ አስቀምጥ።

ዓባይን እንደገና ከመውረድህ በፊት ይሄ ሁሉ ይለቅ። ስትወርድም ከላይ ጀምረህ ማርሽ ቀንስ፣ ሁለተኛ ይዞ ይውረድ፣ ፍሬን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርገህ ይዘህ ልቀቅ እንጂ እንደ ትራስ ተደግፈህበት አትውረድ።

አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም። ኮምፕሬሽኑ ሲለካ አራቱም ካንዴላ ወጥተው ነበር? ጋዙስ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነበር? ካልተረገጠ አየሩ በደንብ አልገባም፣ ያ ማለት ደግሞ ትክክለኛው ቁጥርህ ከ8.5 በላይ ነው። ባትሪውን ቻርጅ አድርግ፣ ሞተሩን አሙቀው፣ ደግመህ ለካና አራቱን ቁጥር ጻፍልኝ።